በፈቲያ ክር የተዘጋው የከረሜላ ኪስ

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ጥሩ ነው፤ ቂጥሽ ግን ወንበር አይወድም። ይሄ ሥራ ደግሞ የቂጥ ሥራ ነው።»

እትዬ ብርቄ ይህን ፊት ለፊት ያሉኝ ሥራ በገባሁበት ቀን፣ ገና ሳይረፍድ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ ሲለኝ፣ እናቴ እጄን ይዛ ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ጥልፍ ቤታቸው ወሰደችኝ። እሳቸው ያን እስኪሉ ድረስ አራት ጊዜ ተነስቼ በር ላይ ቆሜያለሁ። አንዴ ባጃጅ ተጋጭቶ ነው፣ አንዴ የጫት መኪና ጥሩምባውን ለቆት ነው። ሁለቱን ግን እንዲሁ ነው።

ጥግ ላይ ያለው ማሽን ጋ የተቀመጠች ሻሽ ያሰረች ልጅ ሳቀች። «እትዬ፣ ገመድ አለኝ። እንሰራት?» አለች። ፈቲያ ነበረች።

ፈቲያ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። በጥልፍ ቤታችን ማዕረጉ ሦስት ነው፤ ክር ቆራጭ፣ ፍሬም ወጣሪ፣ ማሽን ላይ ተቀማጭ። ክር ቆራጯ የተጠለፈውን ተቀብላ ትርፍራፊውን ክር በትንሽ መቀስ ታጸዳለች። ፍሬም ወጣሪዋ ጨርቁን ፍሬሙ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ትወጥራለች። ተቀማጯ ዲዛይኑን ከፍላሽ ትከፍታለች፣ ክር ትቀይራለች፣ ማሽኑን ትጠብቃለች። ከክር ቆራጭ ተነስቼ ተቀማጭ ለመሆን አንድ ዓመት ከምናምን ፈጀብኝ። ያስተማረችኝ ፈቲያ ናት። እትዬ ብርቄ የሚያስተምሩት በቁጣ ነው፤ በቁጣ ደግሞ ክር በመርፌ ዓይን አይገባም።

የዘወትር ሥራችን የትምህርት ቤት ዓርማ፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት፣ የጀለቢያ አንገት ነበር። የከረሜላ ኪስ የጀመርነው ቁርጥራጭ ጨርቅ ቤቱን ሞልቶት መግቢያ ስላጣን ነው። መዳፍ የምታህል ትንሽ ኪስ ናት፤ ሦስት አራት ከረሜላ ትይዛለች፤ አናቷ ላይ ሪባን አላት፤ ልጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ እንጠልፍባታለን፣ ለኢድ ጨረቃና ኮከብ። ለጥምቀት በሎሚ ቅርጽ እናውጣት ያልኩት እኔ ነኝ። «ሎሚ የሚወረውረው ጎረምሳ ነው። ልጅ ምን ይወርውር?» ብዬ እትዬ ብርቄን ተከራከርኳቸው። ተሸጠች። አንድ ጎረምሳ ግን ገዝቶ ከነከረሜላዋ ለአንዲት ልጅ ወረወረ፤ ልጅት ከረሜላውን በልታ ባዶ ኪሱን መለሰችለት ብለው ነገሩን። ፈቲያ ይህን እያነሳች ስንት ቀን ሳቀች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፍሬሙ ላይ ስስ ደጋፊ ጨርቅ ይወጠራል። ማሽኑ በላዩ የኪሱን ቅርጽ ይነድፋል። በንድፉ ላይ የፊቱን ጨርቅ ታስቀምጫለሽ፤ ጨረቃው ይጠለፋል። ማሽኑ ሲቆም ፍሬሙን ገልብጠሽ ከሥሩ የጀርባውን ጨርቅ በፕላስተር ትለጥፊያለሽ። የመጨረሻው ስፌት አፉን ትቶ ዙሪያውን ይዘጋዋል። ከዚያ በመቀስ ቆርጦ ማውጣት ነው። በፊቱና በጀርባው መሀል የቀረ ነገር ካለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ኪሱ ውስጥ ነው።

ስለዚህ እትዬ ብርቄ ሁለት ሕግ ነበራቸው።

አንደኛው፣ መርፌ ሲሰበር ስባሪው ሁሉ ተፈልጎ፣ ገጣጥመሽ ደብተር ላይ በፕላስተር ትለጥፊና ስምሽን ትጽፊበታለሽ። ጫፉ ካልተገኘ ማሽኑ ላይ ያለው ሥራ ይቃጠላል። ክርክር የለም። «የልጅ ዕቃ ነው» ይላሉ፣ አለቀ።

ሁለተኛው የታች ክር ነው። ጥልፍ ከላይ የፈለግሽው ቀለም ይሁን፣ ከሥር ከቦቢን፣ ከትንሿ የክር መጠምጠሚያ፣ የሚመጣው ክር ጀርባው ላይ ይታያል። የፈቲያ ነጭ ነው፣ የኔ ግራጫ። ሥራ ተበላሽቶ ሲመጣ እትዬ ብርቄ ገልብጠው ያዩና ማን እንደሠራው ያውቃሉ። «ሰው ይዋሻል። የታች ክር አይዋሽም» ይሉ ነበር።

እኔ ተቀማጭ ከሆንኩ በኋላ እትዬ ብርቄ በደሳ ከተማ ለሚከፍቱት ሱቅ ሦስተኛ ማሽን ገዙ። ኃላፊዋ ፈቲያ ልትሆን ነበር፤ የተነገረ፣ ያለቀ ነገር ነው። ፈቲያ በደሳ ሄዳ ክፍሉን በእርምጃ ለክታ መጥታለች። ማሽኑ ከመስኮቱ በየትኛው በኩል እንደሚቆም፣ መጋረጃው ምን ቀለም እንደሚሆን ለእኔ በወረቀት ስላ አሳይታኛለች። «አንቺን ለሠርጌ ብቻ ነው የምጠራሽ። እዚያ ከመጣሽ በር ላይ ቆመሽ ደንበኛ ታስፈሪያለሽ» ትለኛለች።

ረመዳን ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው የአዴ ሃሊማ ሥራ እጃችን ላይ ነበር። አዴ ሃሊማ (አዴ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው) የመቻራ ቡና ነጋዴ ናቸው። የኢድ ለት የሰፈሩ ልጆች በር በር ሲዞሩ የእሳቸውን በር የሚዘል ልጅ የለም። ስድሳ አረንጓዴ ኪስ አዘዙ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሚወጣው መኪና መላክ ነበረበት። ሠላሳ ለፈቲያ፣ ሠላሳ ለእኔ ተከፈለ። አረንጓዴው ጨርቅ ልክ ለስድሳ ነበር፤ የሚተርፍ ነገር የለውም።

ተወራረድን። ፈቲያ ጾመኛ ናት፤ ቀስ ትላለች እንጂ አትቆምም። ለቀትሩ የዙህር ስግደት ስትነሳ እኔ ሃያ ስድስተኛው ላይ፣ እሷ ሃያ ስምንተኛው ላይ ነበርን። «ስመለስ እዚያው ትጠብቂኛለሽ» አለችኝና ወጣች።

እሷ ከመመለሷ በፊት ልጨርስ ቆረጥኩ። ቦቢኔ አለቀ። ግራጫ ክር መጠምጠም የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ያን ያህል ግን ማን ይጠብቃል? ከፈቲያ ሳጥን የሞላ ቦቢን አንስቼ አስገባሁ። ነጭ። እንዳትቆጣ ስትመለስ እነግራታለሁ አልኩ።

ከዚያ መብራት ሄደ። ወዲያው ተመለሰ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማድረግ ያለብሽ ነገር አለ፤ የማሽኑን የጎን ጎማ በእጅሽ አዙረሽ መርፌውን ከፍ ታደርጊያለሽ፣ ፍሬሙን በባዶው ዙሪያውን ታስኬጂዋለሽ፣ ቦታው ልክ ከሆነ ታስነሺዋለሽ። ይህን ያስተማረችኝ ፈቲያ ናት፤ አሥር ጊዜ አስደርጋኛለች። እኔ አረንጓዴውን የማስነሻ ቁልፍ ተጫንኩ።

ቋ! አለ። መርፌው የፍሬሙን ጠርዝ መታ።

የላዩ ስባሪ ማሽኑ ላይ ቀርቷል። መሀሉን ጨርቁ ላይ አገኘሁት። ጫፉ የለም። ማግኔቱን አምጥቼ ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ ቀሚሴን አስኬድኩበት። ኪሱን በጣቴ ዳሰስኩ፤ ምንም አልተሰማኝም። ማግኔቱን ኪሱ ላይ አላስኬድኩም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከነካው ማቃጠል ሊኖርብኝ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ የለም፤ ሃምሳ ዘጠኝ ሊሆን ነው፤ ፈቲያ ልትስቅ ነው።

ያረጁ መርፌዎች የምንጥልበት ቆርቆሮ አለን። ከዚያ አንዱን አንስቼ ጫፉን በፒንሳ ሰበርኩና ከሌሎቹ ስባሪዎች ጋር ደብተሩ ላይ ገጥሜ ለጠፍኩት። ስሜን ጻፍኩ፤ ሰርካለም።

እትዬ ብርቄ ከውጭ ሲገቡ ደብተሩን አዩት። «ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው፣ እትዬ።»

ፈቲያ ስትመለስ ጨርሻለሁ። «ውይ፣ ዛሬስ ቂጧ ወንበር ለመደ!» አለች። ሳቅን። ቦቢኑን እንደወሰድኩባት ግን አልነገርኳትም፤ ቦቢኑን ካነሳሁ መርፌው ሊነሳ ሆነብኝ።

ከኢድ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አዴ ሃሊማ ራሳቸው መጡ። አልጮኹም። «አሰላሙ አለይኩም» አሉና ከመሐረብ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አጠገቡ የታጠፈ ወረቀት አስቀመጡ። ወረቀቱን ፈቱት፤ የመርፌ ጫፍ።

«የልጄ ልጅ ናት፣ አራት ዓመቷ። ከረሜላ ብላ ጣቷን ከተተች፣ ወጋት። ውስጥ ቀረ። ጣቷ አበጠ፣ ሌሊት እሳት ሆነች። ገለምሶ ወሰድን፣ ሐኪም ቀደደ፣ አወጣ። እኔ ያዝኳት። እያየችኝ ‹አዴ፣ ከረሜላው ነከሰኝ› አለች።»

እትዬ ብርቄ ኪሱን አንስተው ገለበጡት። ነጭ ክር። ወደ ፈቲያ አዩ። ከዚያ የመርፌ ደብተሩን አወጡና የዚያን ቀን ገጽ ገለጡ። አንድ መርፌ አለ፤ የኔ፣ ሙሉ።

«ሰርካለም ሰብራ ለጥፋለች። አንቺስ? ሰብረሽ ደበቅሽ?»

ፈቲያ ኪሱን ተቀበለቻቸው። ስፌቱን ጫፍ እስከ ጫፍ ተከትላ አየችው። የኔን ስፌት ታውቀዋለች፤ መዞሪያው ላይ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ፤ ያንን ልታስተወኝ ወራት ለፍታለች።

«ክሩ የኔ ነው» አለች።

ሠራሁት አላለችም። ክሩ የኔ ነው አለች፣ ከዚያ ዞራ አየችኝ። እኔ የላይኛው ክር የላላ ይመስል ጎንበስ ብዬ አጠበቅሁት። አልላላም ነበር።

አዴ ሃሊማ በኦሮምኛ ተናገሯት። ጭሮ አድጌያለሁ፣ ሁሉም ገባኝ። «እስላም ነሽ። ጾመሽ ነበር። ለኢድ፣ ለልጅ፣ እንዴት አስቻለሽ?» ነው ያሏት። ፈቲያ ኪሱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በዚያው ቀን ከማሽኑ ተነስታ ክር ቆራጭ ሆነች። የበደሳው ለእኔ ተሰጠ። እትዬ ብርቄ ሲነግሩኝ «እሺ» አልኩ። ሌላ ቃል ላስታውስ ብሞክር የለም፤ «እሺ» ነው ያልኩት።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ምሳ ላይ ብቻችንን ሆንን። ፈቲያ ፓስቲዋን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ወደ እኔ ገፋች።

«ሰርኬ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«ምን?»

«እንዲሁ ነው።»

ፓስቲውን በላሁት።

በደሳ ላይ ማሽኑን እሷ በወረቀት የሳለችው ቦታ ላይ አቆምኩት፤ ትክክለኛው ቦታ እሱ ስለነበረ። ደንበኞች «ኃላፊዋ» ይሉኛል። የሱቁን ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። እያንዳንዱን ኪስ በማግኔት ሦስት ጊዜ አስኬደዋለሁ፤ ልጅ ይዛ ለምትመጣ እናት ፊቷ አስኬድላታለሁ። ሰው ጥንቃቄዬን አደነቀ። አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት «አላህ እንዳንቺ ያለውን ያብዛ» ስትለኝ ጓዳ ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ያ ሁሉ ጥንቃቄ አንድ ቀን ዘግይቶ ሲመጣ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ማሽን ላይ ለምትቀመጡ የምለው አጭር ነው። መብራት ሲመለስ ጎማውን በእጃችሁ አዙሩ። የመርፌው ጫፍ ካልተገኘ ሥራውን አቃጥሉት፤ ሃምሳ ዘጠኝ ይሁን። የሌላ ሰው ቦቢን ከወሰዳችሁ በዚያው ደቂቃ ንገሩ። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሳይደርስብኝም አውቀው ነበር።

አረፋ ሲቃረብ አዴ ሃሊማ በደሳ መጡ። ከመቻራ ወደ ጭሮ ሲያልፉ ነው። በር ላይ ጫማቸውን አራግፈው ገቡና ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ።

«ለአረፋ መቶ ትሠሪልኛለሽ። አንቺው ራስሽ።»

«እሺ፣ አዴ። ልጅቷ እንዴት ናት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች። ከረሜላ ግን እኔ ካልፈታሁላት አትነካም።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ያቺ ልጅ መቻራ መጥታ ነበር።»

«ማን?»

«ያቺ መርፌ የምትጥለው። አክስቷ እዚያ አለች። ልብስ ሰፊው ጋ ሥራ ልትገባ፣ ተስማምተው ማሽን ላይ ተቀምጣ አየኋት። ገበያ ቀን ነው፣ ሰው ሞልቷል። ነገርኩት። ሁሉም እየሰማ ነገርኩት። አስነሳት። እያለቀሰች ጭሮ ተመለሰች፤ አሁንም ክር ትቆርጣለች አሉ። ሐቅ ነው፣ አይደል? እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ባለበት አገር መርፌ መያዝ የለበትም።»

እጄ ላይ መቀስ ነበር፤ አስቀመጥኩት።

«አዴ ሃሊማ፣ መርፌው የኔ ነው።»

«የቱ መርፌ?»

«የልጅቷ። እኔ ነኝ የሰበርኩት። ከፈቲያ ሳጥን ክር ወስጄ ነበር። ደብተሩ ላይ የለጠፍኩት ውሸት ነው። እሷ ምንም አላደረገችም።»

አዴ ሃሊማ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ። እንደሚመቱኝ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። «አስተግፊሩላህ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ተነሱ።

«ያ ኢንታሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ተነሺ።»

«ወዴት?»

«ጭሮ። እኔ የሰደብኳት ሰው ፊት ነው። አንቺም ሰው ፊት ትናገሪያለሽ።»

ማሽኑን አጠፋሁ፣ ሱቁን ቆለፍኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ዘንቢላቸው በእግራችን መሀል። አንድ ቦታ መኪናው ሲቆም በመስኮት ውሃ ገዙ። መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ።

«ጠጪ» አሉ። «ድምፅሽ እንዳይጠፋ።»

ጥልፍ ቤቱ ስንደርስ ሰው ነበረበት። የልጆቹን ዩኒፎርም ሊወስድ የመጣ ሰውዬ በር ላይ ቆሟል፤ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር የቀሚስ ጥለት ታማርጣለች። ፈቲያ ዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ክር ትቆርጣለች። እትዬ ብርቄ እኛን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምነው በሰላም? ሱቁን ለማን ትተሽ መጣሽ?»

«ትናገራለች» አሉ አዴ ሃሊማ።

ተናገርኩ። መብራቱን፣ ቦቢኑን፣ ቆርቆሮውን፣ ፒንሳውን ተናገርኩ። መሀል ላይ እትዬ ብርቄ ክንዴን ያዙኝ። «ጓዳ ግቢ፣ ጓዳ እንነጋገር፣ ደንበኛ ፊት ምን ማለት ነው!»

«አይሆንም» አሉ አዴ ሃሊማ። «እዚሁ።»

እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። የሙሽራዋ እናት «ወይ ጉድ» አለች። ፈቲያ ቀና አላለችም፤ እጇ ላይ የነበረውን ዓርማ አጸዳች፣ አራገፈች፣ በተሠራው ላይ ደረበችው።

አዴ ሃሊማ አጠገቧ ሄደው ቆሙ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጎንበስ ሊሉ ሲሉ ፈቲያ ፈጥና ተነሳች።

«አውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ፣ ልጄ። መቻራ ላይም ለዚያ ሰፊ እነግረዋለሁ። በገበያ ቀን እነግረዋለሁ።»

«አውፍ ብያለሁ፣ አዴ። እርስዎ ያዩትን ነው የተናገሩት» አለች።

እኔም ቀረብኩ። «ፈቲያ…»

«አንቺ ዝም በዪ» አለችኝ። «አንቺ ዝም ማለት ትችያለሽ።»

እትዬ ብርቄ የመርፌ ደብተሩን አንስተው፣ ሳይከፍቱት መልሰው አስቀመጡት።

«በደሳ ማሽኑ ላይ ጅምር ሥራ አለ?» አለች ፈቲያ።

«አለ። የትምህርት ቤት ዓርማ።»

«ፍሬሙ ላይ ነው?»

«ፍሬሙ ላይ ነው። ሰማያዊው አልቆ ቢጫው ሊጀምር ነው።»

እጇን ዘረጋች። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። ክሩን ከቁልፉ ፈታችና ጠረጴዛው ላይ ተወችው፤ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

ወደ ውጭ ስወጣ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ወደ ጎን ሸሸት ብሎ አሳለፈኝ።